ድሬ ላይ ለባጃጅ መጥሪያ መተግበሪያ፦ የደንበኛውን ቦታ ምን ያህል እንያዝ፣ መቼስ እናጥፋ?

ከዚራ_ኮድ

ሰላም ጀማዓ። ድሬዳዋ ውስጥ ባጃጅ ለመጥራትና ዕቃ ለማድረስ የሚያገለግል መተግበሪያ እየተሠራ ነው። ለጊዜው አንድሮይድ ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) አለ። አሁን ባለው አሠራር የደንበኛው ስልክ መተግበሪያው ክፍት እስከሆነ ድረስ በየ5 ሰከንዱ ያለበትን ይልካል፤ የሹፌሩም እንደዚያው። ስልክ ቁጥር፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ሰዓት አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባሉ። እስካሁን የተሰረዘ ነገር የለም፤ የ4 ወር ተጠራቅሟል።

እኛ ጋ ሰው በቤት ቁጥር አይፈላለግም፤ ሁሉም ፒን (ካርታ ላይ የተደረገ የቦታ ምልክት) ነው የሚልከው። ፒኑ ደግሞ የግቢው በር ማለት ነው። ሠንጠረዡ ቢሰረቅ ማን የት እንደሚያድር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከየት እንጀምር?

ሳቢያን_ሰርቨር

ከ5 ሰከንዷ ጀምሩ። በሰዓት 720 ነጥብ ነው። ለአንድ ጉዞ ከደንበኛው የምትፈልጉት ሁለት ነጥብ ነው፦ የሚነሣበትና የሚወርድበት። መሐል ያለውን መንገድ ባጃጁ ይነግራችኋል፤ ደንበኛው እዚያው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከደንበኛው ስልክ በተከታታይ የሚመጣውን ዛሬውኑ ዝጉት። ያልመጣ ነገር አይሰረቅም፣ አይፈስም፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝም አይጠየቅም።

“ስምና ስልክ ቁጥሩን ካወጣነው በቂ ነው” የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርምና አስቀድሜ ልናገር። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴ ሞንጆይና ባልደረቦቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ አጥንተው ነበር። ሰዓቱ ወደ ሙሉ ሰዓት የተጠጋጋ፣ ቦታውም በአንቴና ደረጃ ብቻ የተመዘገበ ነው፤ ጂፒኤስ እንኳ አይደለም። አራት ነጥብ ብቻ 95 ከመቶውን ሰው ከሌላው ሁሉ ለመለየት በቅቷል። የእናንተ ሠንጠረዥ ከዚያ እጅግ የጠራ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ያሉትን ነጥቦች ብቻ ለይቶ ያወጣ ሰው የእያንዳንዱን ደንበኛ ቤት አገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ አኃዞቹን ቁረጡ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኬንትሮሱም በድሬ ኬክሮስ ላይ 109 ከምናምን ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት አኃዝ 110 ሜትር፣ አራት አኃዝ 11 ሜትር ነው። ስልኩ የሚልክላችሁ ግን ሰባት አኃዝ፣ ማለትም ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ በተገለጠበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ለማንም አይጠቅሙም።

ደንበኛው መተግበሪያውን ከፍቶ በአቅራቢያው ያሉ ባጃጆችን ሲያይ ሦስት አኃዝ ይበቃል። “ጥራ” ሲል የመነሻው ነጥብ በአራት አኃዝ ይሂድ፤ ባጃጅ 11 ሜትር ላይ ቆሞ ደንበኛውን አያጣውም። ጉዞው ሲያልቅ ሁለቱም ነጥቦች ወደ ሦስት አኃዝ ይውረዱ። ከ7 ቀን በኋላ የሰፈር ስም ብቻ ይቅር፦ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ። ለገበያ ጥናት የምትፈልጉት ከዚህ አያልፍም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መቁረጡ ስልኩ ላይ ይሁን። ሙሉው ቁጥር ሰርቨር ደርሶ እዚያ ከተቆረጠ ሎግ (ሰርቨሩ የሚይዘው የጥያቄዎች መዝገብ) ውስጥ አሻራው ቀርቷል።

ለገሃር_77

ለምን ይህን ሁሉ ትደክማላችሁ? ስልክ ቁጥሩንም ኬክሮስና ኬንትሮሱንም በሻ-256 ሃሽ አድርጎ (ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይሮ) ማስቀመጥ ነው። ቢሰረቅም ማንም አያነበውም።

ሳቢያን_ሰርቨር

ወንድሜ፣ ይነበባል። የከተማውን 10 በ10 ኪሎ ሜትር ውሰድ። በአራት አኃዝ ከተከፋፈለ በየጎኑ 900 ገደማ ክፍል ይወጣል፤ ሲባዛ ከ1 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ሌባው የሁሉንም ሃሽ አስልቶ ያስቀምጥና ከሠንጠረዡ ጋር ያመሳክራል። በተራ ላፕቶፕ ሻይህን ሳትጨርስ ያልቃል። ስልክ ቁጥሩም ያው ነው፦ በ09 እና በ07 የሚጀምሩት፣ ቀሪው 8 አኃዝ፣ በጠቅላላው 200 ሚሊዮን። ይህም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሃሽ የሚጠብቀው ለመገመት የሚያስቸግረውን ነገር ነው፤ የስልክ ቁጥርም የድሬ ቦታም ለመገመት አያስቸግሩም።

የሚሠራው፦ ለእያንዳንዱ ጉዞ ከምንም ነገር ያልተሰላ የዘፈቀደ መለያ ስጡ። የጉዞው ሠንጠረዥ ላይ ስልክ ቁጥር አይኑር። ጉዞን ከደንበኛ የሚያገናኘው ሠንጠረዥ ለብቻው ይቀመጥ፣ የዳታቤዝ ተጠቃሚውም ሌላ ይሁን፣ ከ7 ቀን በኋላም ይሰረዝ። የግድ ከስልክ ቁጥር የሚሰላ መለያ ካስፈለገ በምስጢር ቁልፍ የሚሠራውን ኤችማክ ተጠቀሙ፤ ቁልፉን ግን ከዳታቤዙ ጋር አንድ ማሽን ላይ አታኑሩት።

ጀጎል_ካርታ

ከሐረር ነው። ሦስት አኃዝ የተባለው ጥሩ መነሻ ነው፤ ለሁሉም ሰው እኩል ጥበቃ እንደማይሰጥ ግን ይታወቅ። 110 በ110 ሜትር ማለት 1.2 ሄክታር ነው። ጀጎል በጠቅላላው 48 ሄክታር ስለሆነ ወደ 40 ክፍል ይወጣዋል፤ ቤቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በአንዱ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አለ። ከድሬ ወጥታችሁ ወደ መልካ ጀብዱ ዳርቻ ስትሄዱ ግን በዚያው መጠን ክፍል ውስጥ አንድ ግቢ ብቻ ታገኛላችሁ። ለጀጎሉ ሰው ተሸፈነለት፤ ለዳርቻው ሰው አኃዙ ቢቆረጥም ቤቱ ያው ተጋልጧል።

መፍትሔው የክፍሉን መጠን በሰው ብዛት መወሰን ነው። ግሩተሰርና ግሩንዋልድ በ2003 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ነው፦ ትልቁን ካሬ ለአራት ትከፍላለህ፣ እያንዳንዱን ደግሞ ለአራት፤ አንዱ ክፍል ከተወሰነው ቁጥር ያነሰ ሰው መያዝ ሲጀምር ወደ ቀደመው ትመለሳለህ። ቁጥሩን ለምሳሌ 20 ቤተሰብ ብላችሁ ያዙ። ሠንጠረዡን አንዴ አስልታችሁ ስልኩ ውስጥ ክተቱት፤ በየጊዜው ከሰርቨር መጠየቅ አያስፈልግም።

ይህም ቢሆን አንድ ቀዳዳ አለበት። 20 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ቢኖርም ክፍሉ በሙሉ የሆስፒታል ግቢ ከሆነ ማን እንደሄደ ባይታወቅም ለምን እንደሄደ ታወቀ። የጤና ተቋም፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፖሊስ ጣቢያ ሲሆን የቦታውን ስም በጭራሽ አትመዝግቡ፤ ከመጀመሪያው የሰፈሩ ስም ብቻ ይግባ።

ደግሞ ስለ ጀጎል ካነሣን፦ ውስጥ ለውስጥ ባለው ጠባብ መንገድ የጂፒኤስ ምልክት በግንቡ እየተንጸባረቀ በአሥር ሜትሮች ይስታል። ባጃጅም ብዙው መተላለፊያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሐረር ላይ የቤት ፒን ከነአካቴው አትቀበሉ። መነሻና መድረሻ የተወሰኑ ቦታዎች ይሁኑ፦ ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ፈረስ መጋላ። ሰው እንደሆነ ሲቀጣጠር የኖረው በበሮቹ ነው። ሹፌሩም አይንከራተትም፣ የደንበኛውም ቤት የትም አይመዘገብም። ድሬም ላይ ለገሃር፣ ቀፊራ፣ አሸዋ፣ ታይዋን ለዚህ ይመቻሉ። ፒን ለሚፈልግ ይኑር፤ ዝርዝሩ ግን ፊት ለፊት ይምጣ።

ከዚራ_ኮድ

የበሮቹ ነገር ሐሳባችን ውስጥም አልነበረም፣ አቦ ይመችህ። ሌላ ጥያቄ፦ ከመቁረጥ ይልቅ እውነተኛው ነጥብ ላይ በዘፈቀደ ጥቂት መቶ ሜትር ብንጨምርበትስ?

ጀጎል_ካርታ

ይቻላል፤ ሁለት ስሕተት ግን ብዙዎችን ይጥላል።

አንደኛው አጨማመሩ ነው። አንግሉን ከ0 እስከ 360 በዘፈቀደ፣ ርቀቱንም ከ0 እስከ 300 ሜትር በእኩል ዕድል ከመረጥክ ነጥቦቹ መሐል ላይ ይከማቻሉ፤ መሐሉ ደግሞ ቤቱ ነው። ትክክለኛው ዘዴ የሁለት ገጽታ ላፕላስ የሚባለው ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከቀረበው የቦታ ጥበቃ ስሌት የመጣ። አንግሉ በእኩል ዕድል፣ ርቀቱ ግን ከጋማ ስርጭት ይመረጣል፦ ቅርጹ 2፣ ስፋቱ 1 ሲካፈል ለኤፕሲሎን (የጥበቃውን ልክ የምትወስንበት ቁጥር)። አማካይ ርቀቱ 2 ሲካፈል ለኤፕሲሎን ይሆናል። ኤፕሲሎንን በሜትር 0.01 ካደረግክ በአማካይ 200 ሜትር ይርቃል።

ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። አንድ ሰው በየምሽቱ ከአንድ ቤት መተግበሪያውን ሲከፍት በየጊዜው አዲስ ዘፈቀደ ከጨመርክ 60 ምሽት ካለፈ በኋላ ነጥቦቹን ደምሮ ማካፈል ነው፤ ስሕተቱ ወደ 30 ሜትር ይወርዳል። መድኃኒቱ አንዴ የወጣውን የሐሰት ነጥብ ማስታወስ ነው። ሰውዬው ያለበት የ110 ሜትር ክፍል እስካልተለወጠ ድረስ ሁልጊዜ ያንኑ የሐሰት ነጥብ ላክ፤ ማስታወሻውም ስልኩ ላይ ይቀመጥ።

ለእናንተ መቁረጡ ይቀላል። ዘፈቀደው የሚጠቅመው ካርታ ለሕዝብ የምታወጡ ከሆነ ነው።

ገንደቆሬ_ሞባይል

የሹፌሮቹን ነገር ማንም አላነሣውም። “የቅርብህ ባጃጅ 340 ሜትር” ብላችሁ የምታሳዩ ከሆነ አንድ ሰው የስልኩን ጂፒኤስ እያታለለ ከሦስት ቦታ ርቀቱን ይጠይቅና ሦስት ክብ ይሠራል፤ ክቦቹ የሚገናኙበት ሹፌሩ የቆመበት ነው። ማታ ባጃጁ የሚያድርበት ግቢ እንዲህ ይገኛል። ርቀቱን ወደ 100 ሜትር ማጠጋጋት አይበቃም፤ ቁጥሩ ከ300 ወደ 400 የሚዘልበትን ቦታ ቀስ እያለ ቢፈልግ እንደገና ያገኘዋል። መጀመሪያ የሹፌሩን ቦታ ወደ ክፍሉ መሐል ሳቡት፤ ርቀቱን ከዚያ አስሉ። ለአንድ ጥያቄም ከ5 ባጃጅ በላይ አትመልሱ፣ መለያ ቁጥራቸውንም በየጥያቄው ቀይሩት።

ወደ አንድሮይዱ ስንመጣ፦ ለደንበኛው ከበስተጀርባ ቦታ የማንበብ ፈቃድ አትጠይቁ። ምንም አትፈልጉበትም። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ሰው ግምታዊውን ቦታ ብቻ መፍቀድ ይችላል፤ ይህ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም ጀጎልን ስድስት ጊዜ ይውጠዋል። ትክክለኛውን ፈቃድ ብቻውን ከጠየቃችሁ አንዳንድ የአንድሮይድ 12 ዕትሞች ጥያቄውን ዝም ብለው ያልፉታል፤ ደንበኛው ምንም አያይም፣ እናንተም “መተግበሪያው አልሠራም” የሚል ስሞታ ይደርሳችኋል። ሁለቱን ፈቃዶች በአንድ ጥያቄ ላኩ። ሰው ግምታዊውን ከመረጠ ካርታውን በሰፈሩ ላይ ክፈቱለትና ፒኑን በጣቱ ጎትቶ ያስቀምጥ። ከነአካቴው ከከለከለም የታወቁ ቦታዎች ዝርዝር ይምጣለት። ፈቃድ ያልሰጠን ሰው የሚያባርር መተግበሪያ ፈቃድ ጠየቀ አይባልም።

አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በታች ያሉ ስልኮች እዚህ ብዙ ናቸው። እነሱ ላይ “ስጠቀም ብቻ” የሚባል ምርጫ የለም፤ አንዴ ከተፈቀደ ሁልጊዜ ነው። እዚያ ራሳችሁ ተጠንቀቁ፦ መተግበሪያው ከፊት ሲወርድ የቦታ ጥያቄውን ኮዱ ውስጥ አቁሙት።

ሹፌሩ ከበስተጀርባ መላክ አለበት፤ ማሳወቂያው ሁልጊዜ በሚታይ አገልግሎት ይሁን። እዚህ የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ሹፌሩ “ከሥራ ወጥቻለሁ” ይላል፣ ስልኩ ሜሞሪ (ራም) ሲያጥረው አገልግሎቱን ይገድለዋል፣ ከዚያ ሲስተሙ መልሶ ሲያስነሣው ኮዱ የሥራ ሁኔታውን ሳያይ መላክ ይጀምራል። ሹፌሩ ቤቱ ተኝቶ ሌሊቱን ሲላክ ያድራል። አገልግሎቱ ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ሁኔታውን ማንበብ ይሁን፤ ሰርቨሩም ከሥራ ከወጣ ሹፌር የመጣን ነጥብ አይቀበል።

የማስታወቂያና የብልሽት ሪፖርት ላይብረሪዎችንም አትርሱ። መተግበሪያው ያገኘውን የቦታ ፈቃድ እነሱም ይወርሱታል። የማያስፈልገውን አውጡት።

መጋላ_ደንበኛ

ልጆች፣ የምትሉት ሁሉ ደግ ነው። እኛ ተጠቃሚዎቹስ በእጃችን ምን ማድረግ እንችላለን? ሹፌሩ ደውሎ “በቴሌግራም ፒን ላኪልኝ” ነው የሚለው። ያ ፒን ከዚያ በኋላ የት ይሄዳል?

ገንደቆሬ_ሞባይል

እናቴ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ቦታውን ነው የነካው። ያ ፒን ሹፌሩ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ስልኩን ቢሸጥም ቢሰረቅም አብሮ ይሄዳል። ከሹፌሩ ጋር ያለውን የቴሌግራም መልእክት ጫን ብለው ይያዙትና “ሰርዝ” ይበሉ፤ ለእሱም ጭምር እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። የቆየም ቢሆን ከሁለቱም ስልክ ይጠፋል።

ከተቻለ ፒኑን በርዎ ላይ አያድርጉት፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ወይም መስጊዱ ጋ ያድርጉትና ቀሪውን በቃል ይንገሩት። እየተንቀሳቀሰ የሚታየውን ሎኬሽን ለሚልኩለት ሰው 15 ደቂቃውን ይምረጡ፤ 8 ሰዓቱን አይንኩት። ፎቶ ሲልኩ እንደ ፎቶ ይላኩ። እንደ ፋይል ከላኩት ስልኩ ያነሣበትን ቦታ ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ ካሜራው ውስጥ ገብተው ቦታ መመዝገቡን ቢያጠፉት ደግሞ ከሥሩ ይቆማል።

ከዚያ ስልክዎ ቅንብር ውስጥ አካባቢ የሚለውን ከፍተው የመተግበሪያ ፈቃዶችን ይዩ። “ሁልጊዜ” ከሚለው ሥር ያሉትን አንድ በአንድ ወደ “ሲጠቀሙበት ብቻ” ያውርዱ። የእጅ ባትሪና ጌም ቦታዎን የሚያውቁበት ምክንያት የለም፤ እነሱን ይከልክሉ።

ከዚራ_ኮድ

የኛ ስሕተት ነው እንግዲህ። ሹፌሩ ፒን የሚጠይቀው የኛ ካርታ ስለማያደርሰው ነው። ጉዞው ሲያልቅ መድረሻው ከሹፌሩ ታሪክ ላይ ጠፍቶ የሰፈሩ ስም ብቻ እንዲቀር እናደርጋለን፤ ከደንበኛው የሚመጣ “ከጥቁሩ በር ቀጥሎ” የሚል አጭር ማብራሪያ መጻፊያም እንጨምራለን፤ እሱም አብሮ ይጠፋል።

ቀፊራ_ሥምሪት

በሰባት ቀን መሰረዙ ለሥራው አይመችም። ደንበኛ በሂሳብ ይከራከራል፣ ዕቃ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ፖሊስ ይጠይቃል። መረጃ ከሌለ ሹፌሩ በምን ይከላከላል?

ሳቢያን_ሰርቨር

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ሹፌሩም መጠበቅ አለበት። ለሂሳብ ክርክር ግን የሚያስፈልገው ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ፣ የፈጀው ደቂቃና የተከፈለው ብር ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደታጠፈ አይደለም። ሦስቱ ቁጥሮች ለዓመት ቢቀመጡ ማንንም አያጋልጡም። ዕቃ የጠፋበት ሰው በሰባት ቀን ውስጥ ያመለክታል። አቤቱታ ሲመጣ ያ አንድ ጉዞ ብቻ “አይሰረዝ” የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ማን ምልክት እንዳደረገ፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚለው አብሮ ይጻፋል። ለአንድ ክርክር ሲባል የሁሉም ሰው መንገድ አይከማችም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል፣ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። “ምናልባት ፖሊስ ይጠይቅ ይሆናል” የሚለው ሁሉን ለመያዝ ዓላማ አይሆንም።

ሎጉንም እዩት። ቦታው በጌት ጥያቄ አድራሻው ላይ ተጽፎ የሚሄድ ከሆነ ኤንጂንኤክስ (ጥያቄዎቹን የሚቀበለው የሰርቨር ሶፍትዌር) እያንዳንዱን መስመር ከአይፒ አድራሻ ጋር ይመዘግበዋል፤ ዳታቤዙን አጽድታችሁ ሎጉ ውስጥ ሙሉው ይቀመጣል። በፖስት አካል ውስጥ አስገቡት፣ የስሕተት ሎጉም የጥያቄውን አካል እንዳይጽፍ አድርጉ።

ከዚራ_ኮድ

የተጠራቀመውን 4 ወር ዛሬ ዲሊት ብንለው አለቀ?

ሳቢያን_ሰርቨር

አላለቀም። ፖስትግሬስ ዲሊት ሲባል ረድፉን የሞተ ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ ከዲስክ አያነሣውም። ተራው ቫኪዩም (የዳታቤዙ የጽዳት ትእዛዝ) ቦታውን ለሌላ ጽሑፍ ያስለቅቃል፤ የድሮው ይዘት ግን ሌላ እስኪጻፍበት ሊቆይ ይችላል። ፋይሉን እንደ አዲስ የሚጽፈው ቫኪዩም ፉል ነው። ከዚህ በኋላ ሠንጠረዡን ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ክፍልፋይ እንዲኖረው አድርጋችሁ ሥሩት፤ ያኔ 7 ቀን ያለፈውን ክፍልፋይ በድሮፕ ማውረድ ነው፣ የሞተ ረድፍም አይተርፍም።

ቅጂዎቹ ቀሩ። ባካፑ 14 ቀን የሚቆይ ከሆነ እውነተኛው የመሰረዣ ጊዜያችሁ 7 ሲደመር 14፣ 21 ቀን ነው፤ ለደንበኛው የምትጽፉለትም 21 ይሁን። የድሮዎቹን ባካፖች፣ የዳታቤዙን የለውጥ መዝገብ ማኅደር፣ ለሙከራ ተብሎ ላፕቶፕ ላይ የተገለበጠውንም ፈልጋችሁ አጥፉ። ይኸ የመጨረሻው ነው ሁልጊዜ የሚረሳው። ቫኪዩም ፉል ሠንጠረዡን ስለሚቆልፈው ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ባጃጅ ጠሪ በሌለበት፣ አስኪዱት፤ ከመጀመራችሁ በፊት ዲስኩ ላይ ከሚተርፈው ረድፍ ጋር የሚመጣጠን ባዶ ቦታ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካልበቃው መሐል ላይ ይቆምና ሥራው ከንቱ ይቀራል።